የማን እግር ይንቀጠቀጣል? ከጅማ ደሴና ኮምቦልቻ

ከወሎ የተመለስኩ ዕለት ባልደረቦቼ ሻንጣዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «እሺ፣ ማን ጸና? ወንዱ ወይስ ሴቷ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄውን ደጋግመው አንስተውብኛል፤ እኔም በየጊዜው የተለያየ ነገር መልሻለሁ። ስለዚህ የሆነውን ከመነሻው ልጻፈው። አብዛኞቻችሁን ወደዚያ አገር የሚወስዳችሁ ጉዳይ ስለማይኖር የመንገዱንም የሰዉንም ነገር ጨምሬ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ኢክራም አብራኝ ፊዚዮቴራፒ የተማረች ጓደኛዬ ናት፤ አሁን አገሯ ደሴ ትሠራለች። ኮምቦልቻ ውስጥ ጆንያ የሚሸምን አነስተኛ የግል ፋብሪካ እንዳለ፣ ሠራተኞቹ ከማሽኑ ጎን ከፍ ያለ መወጣጫ ላይ ቆመው ያለቀውን የክር ጥቅል በአዲስ እንደሚተኩ ነገረችኝ። ፋንታዬ የምትባል ሠራተኛ ከዚያ ወድቃ እጇ ተሰብሮ ለሕክምና ወደ እሷ መጥታለች።

«ሥራ አስኪያጁ የሴት እግር አይጸናም፣ ሴቶቹን ሁሉ ከላይ አወርዳለሁ ብሏል» አለችኝ። «እኔ ደግሞ ሳይለካ እንዲህ አይባልም አልኩት። እንግዲያው ለኩልኝ አለ። ያንን ዕቃሽን ይዘሽ ነይ።»

ዕቃሽ ያለችው የእግር ሚዛኔን ነው። ለማታውቋት ልንገራችሁ። አናጢ ከጣውላ የሠራት የእግር ማስቀመጫ ናት፤ ከሥሯ ጠንካራ ሞላ አላት፣ ከፊቷ ከአሮጌ የገበያ ሚዛን የተነቀለ ባለመስተዋት ሰሌዳና ቀስት። ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ በእግሩ ይጫናታል፣ ቀስቷ የተባለው ምልክት ላይ ስትደርስ እዚያው ሊያቆያት ይሞክራል። ፍጹም የሚያቆማት ሰው የለም። ብዙ ትንቀጠቀጣለች ወይስ ጥቂት፣ እሱን ነው የምናየው። ስብራት ያገገመ ሰው እየጠነከረ ሲሄድ ቀስቷም እየረጋች ትሄዳለች። በጤነኛ ወንድና በጤነኛ ሴት መካከል ልዩነት ይኖር እንደሆነ ግን አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም ነበር።

ሰኞ

ከጅማ የወጣሁት በዝናብ ነው። የእኛ ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ተሳፋሪውን እስከ አውቶቡሱ በር ድረስ ይሸኛል። ረዳቱ ሚዛኔን የያዘውን ሣጥን አይቶ «ይህ ላይ ይጫናል» አለኝ። በውስጡ መስተዋት አለው ብዬ ብለምነውም «ላይም መስተዋት ተጭኖ ያውቃል» ብሎ ወሰደው። የጊቤን በረሃ ወርደን ስንወጣ ሐሳቤ ሁሉ ጣሪያው ላይ ነበር። አዲስ አበባ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዤ አደርኩ። ሣጥኑ በደህና ወርዷል። ከፍቼ አየሁት፣ ቀስቷን በጣቴ ነካሁ፣ ወዲያ ሄዳ ተመለሰች። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ ደሴ የሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ ነበርን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ጥርሴን አጋጨው፤ ጅማ ይህን ብርድ አታውቀውም። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ደግሞ ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቤን አወለቅሁ። በአንድ ጠዋት ከክረምት ወደ በጋ የሚያሸጋግር መንገድ ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ አንድ ነጋዴ ሽንኩርት ሲጭን አየሁ። ስንት ጆንያ እንደጫነ አላስተዋልኩም፤ የት ላይ እንደጫነውም አልጠየቅሁም።

ከሚሴን አልፈን ሐርቡ ስንቃረብ ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም ነፋስ የለው ኖሯል። ሹፌሩና ረዳቱ በሚኒባስ ጎማ ፍለጋ ሄዱ፣ እኛ ፀሐይ ላይ ቀረን። በመንገዱ ዳር ፓፓያ የተከለ አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ወጥቶ «አሰላሙ አለይኩም። ምን ፀሐይ ላይ ያቆማችኋል? ግቡ እንጂ፣ ጥላ አለ» አለን። ከአውቶቡሱ ሙሉ ሰው ግማሹ ገባ። ባለቤቱ የማሽላ እንጀራ በእርጎ አቀረበችልን። እኔ የማሽላ እንጀራ በልቼ አላውቅም ነበር፤ ከጤፉ ይከብዳል፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል፣ ቶሎ ያጠግባል። አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ልክፈል ብትል ሽማግሌው ተቀየማት። «እንግዳ የአላህ ነው። እኔ ምን አገባኝ?» አላት። እኛ አገርም እንግዳ ይከበራል። ግን አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ ሲመጣ ምን እንደምናደርግ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሐረጎን ስንወጣ እየመሸ ነበር። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው መንገድ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ነው የሚወጣው፤ ሙቀቱ ከታች ይቀርና ደሴ ስትገቡ እንደገና ሹራብ ትፈልጋላችሁ። ኢክራም መናኸሪያ ጠብቃ አቀፈችኝ። ሣጥኑ ሲወርድ ሽንኩርት ሸተተኝ። ቤት ወስደን ብንከፍተው የሰሌዳው መስተዋት ዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፣ ቀስቷም ትንሽ ጎበጥ ብላለች። በጣቴ ነካኋት። ወዲያ ሄደች፣ ተመለሰች። ግን የተመለሰችበት ቦታ ያው የቀድሞው ነው ወይስ አይደለም፣ መለየት አልቻልኩም።

ረቡዕ

ደሴ ተዳፋት ናት። ጅማ ላይ ሰው ቤቱን ሲያመለክት «ከዚህ ቀጥ ብለሽ» ይላል፤ ደሴ ላይ «ከዚህ ወረድ ብለሽ» ወይም «ወጣ ብለሽ» ነው፤ ቀጥ የሚባል ነገር የለም። ጦሳ ተራራ ከበላይ ይመለከታችኋል። አሮጊቶች ዕቃ ተሸክመው እያወሩ ይወጡታል፤ እኔ ባዶ እጄን እያለከለክሁ ቆም ቆም እላለሁ።

ጠዋት ከኢክራም ጋር ለቀስቷ ማቃኛ ቀጭን ሽቦ ልንገዛ ወጣን። ማታ ዘንቦ ስለነበር ድንጋዩ ያንሸራትት ነበር። ስለ እግር ጽናት እያወራሁ፣ እጄን እያወናጨፍኩ ቁልቁል ስወርድ ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ። ተቀመጥኩ። ከየሱቁ ሰው ወጣ፤ አንዱ ወንበር አመጣ፣ አንዷ ውኃ አመጣች፣ «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ይሉኛል። አይዞሽ ማለታቸው ነው። ኢክራም በፋሻ ጠቅልላ አሰረችኝ። ቤት ስንደርስ አማቷ እማማ ዘሐራ ጉዴን ሰምተው የራሳቸውን ምርኩዝ ሰጡኝ።

«እርስዎስ በምን ይሄዳሉ?» አልኳቸው።

«እኔ ከቤት ወዴት እሄዳለሁ ልጄ? ከሄድኩም አገሩ ያውቀኛል፣ እሱ ይይዘኛል። አንቺን ነው የማያውቅሽ።»

ከሰዓት በኋላ ሚዛኗን ቤት ውስጥ ሞከርናት። እኔ በደህናው እግሬ ተጫንኩ፤ ቀስቷ ተንቀጠቀጠች። ኢክራም ተጫነች፤ ከእኔ ትሻላለች። ባሏ ከማል ተጫነ፤ ከሁለታችን ይሻላል። «አይ ወንድ» አለና ሳቀ። እማማ ዘሐራ እኔም ልሞክር አሉ። ተጫኑ። ቀስቷ ደረቀች፤ ምልክቱ ላይ እንደ ሐውልት ቆመች። በዚህ ዕድሜ ይህ ሊሆን አይችልም። በኋላ ነው ቀስቷ ከተሰነጠቀው መስተዋት ጋር ተጣብቃ እንደነበር ያየነው። መስተዋቱን አውጥተን ጣልን፣ እንደገና ሁላችንም ሞከርን። በዚህኛው ዙር እኔ ከከማል ተሻልኩ። ቀስቷ ደኅና ሆና ይሁን እኔ ዐርፌ፣ አላወቅንም። እንዲሁ ይዘናት ልንሄድ ተስማማን።

ሐሙስ

ኮምቦልቻ ስንወርድ ሙቀቱ ደስ አለኝ፤ አገሬን አገሬን ሸተተኝ። ፋብሪካው በር ላይ ዘበኛው ምርኩዜን አየና «ለመታከም ነው?» አለኝ። ኢክራም «እግር ልትለካ ነው ከጅማ የመጣችው» ስትለው እኔን አየኝ፣ እግሬን አየ፣ በሩን ከፈተ።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ጌታቸው ክፉ ሰው አይመስሉም። ፋንታዬ የወደቀች ቀን በራሳቸው መኪና ደሴ ያደረሷት እሳቸው ናቸው። «ከዚያ ወዲህ ወደዚያ መወጣጫ ቀና ብዬ ሳላይ አላልፍም» አሉኝ። «እኔ ሴቶቹን ልጎዳ ብዬ አይደለም። ሌላ ሰው እንዳይወድቅብኝ ነው። እግራቸው ጽኑ ከሆነ ጽኑ ነው ይበሉኝ፤ ካልሆነም አይደለም ይበሉኝ። አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው።»

ከላይ የሚሠሩት ወንዶችም ሴቶችም ናቸው። ከሴቶቹ ቀዳሚዋ ጦይባ ትባላለች፤ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ የምታስር። ከመጣች ጀምሮ ላይ ነው የሠራችው፤ ክር ሲበጠስ ከማንም ቀድማ ትደርሳለች ይባላል። ከላይ ከወረደች የሚጠብቃት መጥረግና ጆንያ ማሰር ነው። ከወንዶቹ ደግሞ ዓሊ አለ፤ ረጅም፣ ተጫዋች። ሴቶቹ ከወረዱ የላዩ ረድፍ አለቃ የሚሆነው እሱ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ማሽኖቹ እየሠሩ ሠራተኛ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር፤ ግን መብራት ጠፋ። ጅማ ላይ መብራት ሲጠፋ እናማርራለን፤ የዚያን ዕለት ግን ተመስገን አልኩ። አንድ በአንድ እየመጡ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ምልክት አደረግሁ፤ እስከዚህ ተጫኑ፣ እዚህ አቆዩ። ዓሊ ሲጫን ቀስቷ ረጋ ብላ ቆመች። ጓደኞቹ አጨበጨቡ። ጦይባ ተጫነች። ቀስቷ ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመረች። ጥርሷን ነከሰች፤ ባሰባት። ከእሷ በኋላ የመጡት ሴቶችም ከአንዲት በቀር እንዲሁ ሆኑ፤ ወንዶቹ ከሞላ ጎደል ረጉ።

አቶ ጌታቸው ከኋላዬ ቆመው ያዩ ነበር። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ጦይባ ጫማዋን እያጠለቀች፦

«ባለፈው ዓመት አንድ ወንድ ከዚያው ወድቆ ትከሻው ወልቆ ነበር» አለችኝ። «ያኔ የወንድ እግር የለካ ሰው አልመጣም።»

እኔም ሴት ነኝ፤ ሚዛኗም የእኔ ናት።

ማታ ደሴ ተመልሰን እራት ላይ አልበላ አለኝ። እማማ ዘሐራ ጉረሺ ጉረሺ እያሉ ሲያስጨንቁኝ ኢክራም ድንገት እጇን ከትሪው አነሳች። «ሰናይት፣ ለሁሉም አንድ ምልክት ነው ያደረግሽው። ለዓሊ ያ ምልክት ቀላል ነው። ለጦይባ ግን ጉልበቷ የሚያልቅበት ጫፍ ነው። አንድ ኩንታል አሸክመሽን ማን ይንቀጠቀጣል ብትይ እኮ ማን እንደሚንቀጠቀጥ የታወቀ ነው።»

ልክ ናት። እንዴት እንዳላሰብኩት እስካሁን ይገርመኛል። ያኔ ግን ደስ ብሎኝ በላሁ። ነገሩ የተፈታ መሰለኝ።

ዓርብ

ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ምልክቱን ለየሰዉ አደረግሁ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጫናል፣ ከዚያ የራሱን ግማሽ እንዲያቆይ እጠይቀዋለሁ። ልዩነቱ ጠበበ። ብዙዎቹ ሴቶች ከወንዶቹ እኩል ሆኑ። ኢክራም በዓይኗ ሳቀችልኝ። ግን ልዩነቱ ጨርሶ አልጠፋም። በቀላሉ ተጫኑ ስላቸው፣ ግማሹንም ሳይሆን ጥቂቷን ብቻ፣ የአንዳንዶቹ ሴቶች ቀስት አሁንም ከወንዶቹ ይበልጥ ትንቀጠቀጥ ነበር። ለምን? አላወቅሁም። የጎበጠችው ቀስት ይሆን? ታዲያ ለወንዶቹ ስትሆን ለምን አትጎብጥም?

ወንዶቹ ጁምዓ ሊሰግዱ ሲሄዱ ጦይባ ወደ እኔ መጣች። የፋሻዬን አስተሳሰር አይታ «ላልቷል» አለችና ጎንበስ ብላ ፈታ እንደገና አሰረችው። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ማለቷን ተወች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የወር አበባዬ ሲመጣ ጉልበቴ የሚከዳኝ ይመስለኛል። ትናንት እንደዚያ ነበርኩ። እሱ ነው?»

«ሊሆን ይችላል የሚሉ አሉ» አልኳት። «እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ይህን ለአቶ ጌታቸው ትነግሪዋለሽ?»

«አልነግረውም።»

«እንዳትነግሪው። ይህን ከሰማ በየወሩ ያወርደናል።»

ወንዶቹ ከመስጊድ ተመለሱ፤ ማሽኖቹም ተነሡ። ያኔ ኢክራም ሰው የሚወድቀው ጠዋት ትኩስ ሳለ ሳይሆን ሥራ ሊወጣ ሲል ነው አለች። ስለዚህ እስከ መውጫ ሰዓት ጠብቀን የደከሙ እግሮችን ለካን። ዓሊ ተቀመጠ፣ ተጫነ። ቀስቷ ተንዘፈዘፈች። ሳቀና «ቆይ» አለ፣ ደግሞ ተጫነ፤ ያው ሆነ። ሌሎቹም ወንዶች እንደሱ ሆኑ። ጦይባ ተቀመጠች። ሐሙስ ዕለት ዕረፍት ያልነበራት ቀስት አሁን ሥራ ውላ መጥታ ረጋች። ከሴቶቹ አብዛኞቹ ከጠዋቱ ብዙም አልራቁም።

አቶ ጌታቸው ብቅ ብለው «እህ?» አሉኝ።

«ለነገ ይሁን» አልኳቸው። ምን እንደምላቸው ስላላወቅሁ ነው።

የዚያን ዕለት ሐረጎን ስንወጣ ከኢክራም ጋር ተጨቃጨቅን። እሷ ሴቶቹ ይጸናሉ በያቸው ትላለች። እኔ ጠዋት ያየሁትስ እላለሁ። እሷ የደከመ እግር ነው የሚወድቀው ትላለች። እኔ ፋንታዬስ የወደቀችው መቼ ነው ብዬ ብጠይቃት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ጠዋት ነበር። ደሴ እስክንደርስ አልተነጋገርንም። በአምስት ዓመት የትምህርት ጊዜያችን ተኮራርፈን አናውቅም ነበር። ቤት ስንገባ እማማ ዘሐራ ፊታችንን አይተው ምንም ሳይጠይቁ በአንድ ሣህን አቀረቡልን። ከአንድ ሣህን እየበሉ መኮራረፍ አይቻልም፤ እሳቸውም ይህን ያውቁታል።

ቅዳሜ

ቁርጭምጭሚቴ ሻል ብሎት ነበር። ለአቶ ጌታቸው መልስ ከመስጠቴ በፊት መወጣጫውን ልውጣው አልኩ። እስከዚያ ድረስ ወንበሬ አጠገብ ተቀምጬ ነበር የለካሁት፤ ሰዎቹ የሚሠሩበትን ቦታ ከታች ነው ያየሁት። ኢክራም በእግርሽ አይሆንም አለችኝ። ጦይባ «መርሐባ» አለች፣ እዚያ እሺ ማለት ነው፤ «እኔ እይዛታለሁ» ብላ ከኋላዬ ወጣች።

ላይ ስደርስ መጀመሪያ የተሰማኝ የማሽኑ ንዝረት ነው። በሳንቃው ሥር ለሥር ገብቶ ባቴ ውስጥ ይንጫጫል። ቦታው ጠባብ ነው፤ ሁለት እግር ጎን ለጎን ለማቆም እንኳ ይቸግራል። የላዩን ረድፍ ጥቅል ለመድረስ በአንድ እግር ጣት ተንጠራርቶ ሌላውን ጉልበት ብረቱ ላይ መደገፍ ያስፈልጋል። ጦይባ ከኋላ ወገቤን ይዛ «አሁን እጅሽን ስደጂ» አለችኝ። ሰደድኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ የራሴ አይመስልም ነበር። ከዚያ ወንበሬን ታች አየሁት፣ ሚዛኗን አየኋት። ተቀምጠው የሚጫኑባት ዕቃ ስለዚህ ቦታ ምን ልትነግረኝ ነው? ትንሽ ነገር ትነግረኝ ይሆናል። ምን ያህሉን እንደሆነ ግን አላውቅም።

ስንወርድ አቶ ጌታቸው ይጠብቁ ነበር። ዓሊም ሌሎችም ተሰብስበዋል። ያየሁትን በተራ ነገርኳቸው። በአንድ ዓይነት ክብደት ሴቶቹ ይበልጥ ተንቀጠቀጡ። በየአቅማቸው ሲሆን ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፋ፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ሲደክሙ ደግሞ ወንዶቹ ባሱ። ከዚያም ሌላ፣ እኔ የለካሁት የተቀመጠ ሰው ነው፤ ላይ የሚሠራው የቆመ ሰው ነው።

«ስለዚህስ?» አሉኝ።

«ስለዚህ አላውቅም።»

«ከጅማ ድረስ መጥተው አላውቅም ይሉኛል?»

«አዎ።»

ፊታቸው ላይ ንዴት ሳይሆን ድካም አየሁ። ወደ ጦይባ ዞሩ። «እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ። እውነቱን ብቻ። ላይ ስትቆሚ እግርሽ ይንቀጠቀጣል ወይስ አይንቀጠቀጥም?»

እኔ በልቤ አይንቀጠቀጥም በይ እላለሁ። ኢክራም ክንዴን ጨበጠችኝ።

«ይንቀጠቀጣል» አለች ጦይባ። «ወላሂ፣ ይንቀጠቀጣል።»

አቶ ጌታቸው በረዥሙ ተነፈሱ። «በቃ» አሉ። «ሰማችሁ፤ ራሷ ናት ያለችው።»

በቃ አለቀ ብዬ ነበር። ዓሊ መሬት መሬት እያየ፣ በእግሩ ጫፍ ወለሉ ላይ የወደቀ ክር ይገፋ ነበር። የላዩ ረድፍ አለቅነት እዚያው እጁ ውስጥ ገብቶለታል፤ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

«ጋሼ ጌታቸው» አለ። «የኔም ይንቀጠቀጣል።»

ማንም አልሳቀም።

«የአንተ?»

«የኔ። ከዚች እህታችን ሚዛን በፊትም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከሰዓት በኋላማ ታፋዬ እንደ ወንፊት ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከኋላ አንዱ የእኔም አለ። ሌላው አንገቱን ደፋ። አቶ ጌታቸው ሁሉንም በየተራ ካዩ በኋላ ወደ መወጣጫው ሄዱ። ጫማቸውን አውልቀው ሲወጡ አየናቸው፤ ሙሉ ሰውነት ያላቸው ሰው ናቸው። ላይ ቆመው እጃቸውን ወዲህ ወዲያ ሰደዱ፤ የሚያዝ ነገር ፈለጉ፣ የለም። ቀስ ብለው ወረዱ፤ ፊታቸው ገርጥቷል።

«መያዣ ብረት ሰኞ ይበየዳል» አሉ። «እስከዚያ የላዩን ረድፍ ማንም አይወጣም። ሴትም ወንድም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይቅርታ እህቴ፣ እኔ አንድ ቃል ትሰጪኛለሽ ብዬ ነበር የጠበቅሁሽ» አሉኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ያሉኝ ያኔ ነው። ከቁጣ ይሁን ከቅርበት አሁንም አልለየሁትም።

ኢክራም በኋላ በስልክ እንደነገረችኝ ብረቱ ተበይዷል፤ መጀመሪያ በአንድ ወገን ብቻ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ በሌላውም። ጦይባ ላይ ናት። ፋንታዬ እጇ ከዳነ በኋላ ላይ ውጪ ብትባል አልወጣም ብላ ታች ማሰሩን መርጣለች፤ ዓሊም ላይ ነው፣ አለቃ ግን አልሆነም።

እኔ በማግስቱ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተሳፈርኩ። የእማማ ዘሐራን ምርኩዝ ለኢክራም ስመልስላት አልቀበልም አለችኝ፤ አማቷ «ከመለሰችው አልወዳትም» ብለዋል። ምርኩዟ አሁን ጅማ ቤቴ በር ኋላ ቆማለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ጦይባ እስከ ፋብሪካው በር ሸኘችኝ። ሚዛኗን የያዘውን ሣጥን ራሷ ተሸክማልኝ ነበር። ሚኒባስ እስኪመጣ ዘበኛው አጠገብ ቆምን።

«አገርሽ ስትገቢ ምን ሆነ ሲሉሽ ምን ትያለሽ?» አለችኝ።

«እኔ እንጃ። ገና አልገባኝም ከማለት በቀር ምን እላለሁ?»

«እሱኑ በያቸው» አለች፣ ሣጥኑን መሬት አስቀምጣ። «ሊያወርደን የነበረው እኮ ገብቶኛል ያለ ሰው ነው።»